የዩጎ ቀን አይጻፍም

ፔሪና የባሕሩን ከፍታ ቆማ አታይም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የመጀመሪያዋ መርከብ ያስነሳችው ማዕበል የወደቡን ድንጋይ ልሶ እስኪመለስ ትጠብቅና አሮጌ የጀልባ ትራስ ከጉልበቷ ሥር አድርጋ ትንበረከካለች። ከፊቷ፣ በግንቡ ላይ፣ በሴንቲ ሜትር ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ዘንግ ተቸንክሯል። ውኃው ዘንጉን የነካበትን ታያለች፤ ዓይኗን ጨፍና ትከፍትና እንደገና ታያለች፤ ከዚያ ወደ ወደቡ ጽሕፈት ቤት ገብታ በሰማያዊ ቀለም ትጽፋለች። ዘጠና አንድ። ሰማንያ ስምንት። ዘጠና አራት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ይህ ነው።

ሁለቴ የምታየው ዓይኗ ደክሞ አይደለም። የሰው ዓይን የሚፈልገውን ማየት ይወዳል ብላ ስለምታስብ የገዛ ዓይኗንም አታምነውም። በከተማዋ፣ በሎክቪና፣ ዓሣ ሲገዛ ስንጥቡን ገልጦ የማያይ ሰው የለም፤ ፔሪና ግን ዓሣውን ካየች በኋላ ሻጩንም አተኩራ ታየዋለች። ሟቹ ባሏ «የኔ ሚስት ጸበል ቢረጯትም ከየት ነው የቀዳችሁት ብላ ትጠይቃለች» ይል ነበር።

የተወለደችው ከሳርዲን መጋዘኑ ኋላ ባለው ቤት ነው። እናቷ በዚያ መጋዘን ውስጥ አንድ ረድፍ ዓሣ፣ አንድ ረድፍ ጨው ስትደረድር ኖረች። ፔሪናም በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከእናቷ ጎን ቆመች፤ በተሰነጣጠቁ ጣቶቿ ጨው ሲገባ ማልቀስ የጀመረችውም ያቆመችውም እዚያው ነው። በኋላ ፋብሪካው ተዘጋ። የመርከብ ትኬት ሸጠች፣ አገባች፣ ኒክሻ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። የወደቡ ጸሐፊ የነበሩትን ባርባ ሽፒሮን ሞራ ዓይናቸውን ሲጋርዳቸው ማዘጋጃ ቤቱ ቦታቸውን ለእሷ ሰጠ።

ባርባ ሽፒሮ (በሎክቪና አዛውንት ወንድ ሁሉ ባርባ ነው) ሥራውን ያስረከቧት በአንድ ጠዋት ነበር። ተንበርከኪ፣ ቆሞ ያየ ይሳሳታል አሏት። መርከቧ እስክታልፍ ጠብቂ አሏት። ሦስተኛውን ሲነግሯት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ በዩጎ ቀን አትጻፊ፣ ሰረዝ አድርጊና እለፊው።

ዩጎ ከደቡብ የሚነፍስ ሞቃትና እርጥብ ነፋስ ነው። እሱ ሲመጣ ሰማዩ እርሳስ ይመስላል፣ የቤቱ ግድግዳ ያልበዋል፣ ባልና ሚስት በማያጣላው ይጣላሉ፣ ሰው ሁሉ ራሴን ይላል። ስለዚህ በሎክቪና በዩጎ ቀን የተደረገ ነገር አይጸናም። ቤት አይሸጥም፣ ቀለበት አይታሰርም፣ ውል አይፈረምም፣ ምክር ቤቱ አይሰበሰብም። በዩጎ ቀን በተነገረ ስድብ ቂም የያዘ ሰው እንደ ባለጌ ይታያል። ነፋሱ ሲያልፍ ያ ቀን ከሌሎቹ ቀኖች መካከል ተነቅሎ ይወጣል፤ ሰኞን ከረቡዕ ጋር አገናኝተው ማክሰኞን እንዳልነበረ ያደርጉታል። ባርባ ሽፒሮም ያሏት ይህንኑ ነው።

«የዩጎ ባሕር የኛ አይደለም። ነፋሱ ከሌላ አገር እየገፋ ያመጣብን ነው። የሌላ ሰው ባሕር በኛ መዝገብ ምን ይሠራል?»

ማንንም ከመጠርጠር የማትምር ፔሪና ይህችን አንዲት ነገር ሳትጠረጥር ተቀበለች። በልጅነት ከእናት ወተት ጋር የገባን ነገር ማን ይጠረጥራል?

ቬድራና የመጣችው በመስከረም ነው። ከዛግሬብ፣ ከዋናው ከተማ። ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ዕቅድ ከሚጽፉት ስድስት ሰዎች አንዷ ነበረች፤ በእያንዳንዱ ከተማ ካርታ ላይ አንድ ቀይ መስመር ያሰምራሉ፤ ባሕሩ በዚህ መቶ ዓመት ወደዚህ ይወጣል ያሉት ቦታ ላይ። ከመስመሩ በታች በመንግሥት ገንዘብ ምንም አይሠራም። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ለድንጋይ መንገድ የሚሆን ጫማ የተጫማች ሴት ናት። ፔሪና ጫማውን አልወደደችውም። ጫማዋን አስባበት የመጣች ሴት ሌላም ያሰበችው ነገር ይኖራል።

ለሎክቪና ቀዩ መስመር ማለት የሳርዲኑ መጋዘን ማለት ነበር። ከንቲባው ያክሻ መጋዘኑን መዋዕለ ሕፃናት ሊያደርጉት ከተነሱ ሁለት ዓመት አልፏል። በከተማዋ የቀሩት ሕፃናት አሥራ ሰባት ናቸው፤ መዋዕለ ሕፃናት የሚሄዱት በአውቶቡስ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ተጉዘው ነው። የኒክሻ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ ሉጼ፣ ከነእንቅልፏ ጃኬት ለብሳ አውቶቡስ ላይ ትጫናለች። ኒክሻ ለእናቱ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነግሯታል፤ መጋዘኑ ከተሠራ እንቆያለን፣ ካልተሠራ በሚቀጥለው ዓመት ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ትልቁ ከተማ፣ ወደ ስፕሊት ነው። ፔሪና ያን ቀን ሉጼን ወደ መጋዘኑ ወስዳ መስኮቶቹን አስቆጠረቻት። ስምንት ናቸው። ሉጼ ዘጠኝ ናቸው አለች፣ በጣሪያው ላይ ያለውን ቀዳዳ ጨምራ።

እንግዲህ መስመሩ ከመጋዘኑ በላይ ከዋለ ሁሉ ነገር አበቃ። በወደቡ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ቤፖ፣ ጡረታ የወጣው የመርከብ ወጥ ቤት፣ ይህንን ከማንም በፊት ተንትኖ ጨርሶታል።

«መጀመሪያ ትሰምጣላችሁ ይሉናል» አለ የዓሣ መረብ ከሚጠግኑት መሃል ቁጭ ብሎ። «ከዚያ ቦታውን በርካሽ ይገዙብናል። ከዚያ ሆቴል ይሠሩበታል። ሆቴል ደግሞ፣ ተአምር ነው፣ አይሰምጥም።»

ሳቁ። ፔሪና አልሳቀችም፤ እሷም ያሰበችው ይህንኑ ነበርና።

ቬድራና መዝገቦቹን ስትጠይቃት ፔሪና አንድ በአንድ እያወጣች ሰጠቻት፤ ገጽ በገጽ ፎቶ ስታነሳም ራስጌዋ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ስታናግራት «እርስዎ» ነበር የምትላት። ፔሪና አንድን ሰው «እርስዎ» የምትለው ወይ በጣም ስታከብረው ነው፣ ወይ ደግሞ በጣም ስትጠረጥረው ነው፤ ዕድሜውን አይታ አይደለም። ሴትዮዋ በየመንገዱ ስትዞርም ከሩቅ ተከተለቻት። ቢጫ ዘንግ ይዛ ትለካለች፤ አሮጊቶችን ውኃው እስከየት መጣ ብላ ትጠይቃለች፤ አሮጊቶቹም «እኛ ጋ? አይመጣም» ይሏታል። አንድ ከሰዓት በኋላ በመጋዘኑ በር ሥር ተቀምጣ ግድግዳው ላይ የነጣውን በጥፍሯ ስትፍቅ ፔሪና አየቻት። የፋቀችውን ምላሷ ላይ አደረገች። ፔሪና በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ግድግዳ የምትቀምስ ሴት በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ጨው እንደሚሆን ግን ማን ያጣዋል? ስልሳ ዓመት ሳርዲን የተደረደረበት ቤት ምን ምን ሊል ኖሯል፣ ስኳር ስኳር?

በማግስቱ ቬድራና ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣች።

«ሾራ ፔሪና፣ የእርስዎ ባሕር በጣም ጨዋ ነው» አለቻት፤ በዚህ ዳርቻ ወይዘሮ ሁሉ ሾራ ናት።

«አስተዳደጉ ነው» አለች ፔሪና።

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከመቶ አሥራ ሁለት አላለፈም። በዚህ ዳርቻ ሁሉ ዞሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

«ስላላዩት የለም ማለት ነው?»

ቬድራና ፈገግ ብላ በስልኳ ላይ አንድ ገጽ አሳየቻት። «ይህች ሰረዝ ምንድን ናት?»

ፔሪና እስከ ዛሬ ድረስ ለምን እንደዋሸች ስትጠየቅ ትከሻዋን ብቻ ነው የምትነቀንቀው። የዩጎን ነገር ለማያውቅ ሰው መንገር የቤት ገመና እንደ ማውጣት ሆነባት። ወይም ሴትዮዋ አንድ ቀዳዳ ስትፈልግ የከረመች መሰላትና ቀዳዳው ይኸውልሽ ማለት አስጠላት።

«ጽሕፈት ቤቱ ዝግ የነበረበት ቀን ነው።»

«ብዙውን ጊዜ በብርዱ ወራት ነው የምትዘጉት?»

«በብርድ ማን ይመጣል?»

ቬድራና ትንሽ አየቻት። ከዚያ «ዝግ» ብላ ጻፈች። ፔሪና ጽሑፉን በግልባጩ አነበበችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የዕቅዱ ረቂቅ መጣ። ከንቲባው ያክሻ ካርታውን በቡና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በብርጭቆ አስያዙት። ቀዩ መስመር ከመጋዘኑ ደፍ ሁለት ስንዝር ዝቅ ብሎ ያልፋል። ነገሩ የተሠራው በፔሪና መዝገብ መሆኑ ከካርታው ግርጌ ተጽፏል፤ ስሟም አለ። ሰው ሁሉ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ቤፖ ሴትዮዋን በዓሣ ወጥ ገዝታታለች ብሎ አስወራ። ኒክሻ አናጢ ጠርቶ የመጋዘኑን መስኮቶች አስለካ። ምክር ቤቱ በሁለት ሳምንቱ ዓርብ ሊያጸድቀው ተቀጠረ።

ፔሪና ግን ደስታው አልዋጥ አላት። ያቺ ግድግዳ የምትቀምስ ሴት ለምን እንዲህ አድርጋ ሰጠችን? ሆቴሉስ? ካርታውን ወደ ቤቷ ወስዳ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየችው። የተደበቀ ነገር ፈለገች። መስመሩ ቀጭንና ቆንጆ ነበር፤ ራሷ በሰማያዊ ቀለም ከጻፈቻቸው ቁጥሮች የወጣ፣ ለስላሳ፣ ትንፋሹን እንደያዘ ባሕር። ነገር ያለው የት ላይ እንደሆነ ማግኘት አልቻለችም። ሌላ ሰው ላይ ነበር የምትፈልገው።

ምክር ቤቱ ሊሰበሰብ ሦስት ቀን ሲቀረው ዩጎ ገባ። ፔሪና በተለመደው ሰዓት ወረደች። እንደ ልማዷ ተንበርክካ፣ ገብታ መዝገቡ ላይ ሰረዝ ለማድረግ ልትነሣ አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዩጎ ቀን ስትንበረከክ ዘንጉን አይታ አታውቅም፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲደርስ ሳያስብ እንደሚያማትብ፣ ትንበረከካለች፣ ትነሳለች፣ ገብታ ሰረዟን ታደርጋለች። ያን ቀን ግን ሳምንቱን ሙሉ ተንኮል ስትፈልግ የሰነበተች ዓይን ነበረቻትና ዓይኗ በራሱ ፈቃድ ሄዶ ዘንጉ ላይ አረፈ።

መቶ ስድሳ ሦስት።

ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። መቶ ስድሳ ሦስት ነው፤ እንዲያውም ማዕበሉ ሲነሳ አራት ይላል። ባሕሩ ሰፊ ጀርባውን ቀና አድርጎ አጠገቧ ቆሟል፤ ግራጫ፣ ከባድ፣ ሞቃት። እንዲህ ቅርብ ሆኖ አይታው የማታውቅ ይመስል አፏን ከፍታ አየችው። በየቀኑ ደጇ የሚያልፈውን ሰው ፊት በስንት ዓመቱ ገና ዛሬ ያየች ያህል ሆነባት።

ተነሥታ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ውኃው በበሩ ሥር ያለ ድምፅ ይገባል። ውስጡ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሞልቷል፤ የስምንቱ መስኮቶች ብርሃን ወለሉ ላይ ይዋኛል። አዲስ ነገር አልነበረም። በሳርዲኑ ዘመን ዩጎ ሲገባ በርሜሎቹን ከፍ ባለ እንጨት ላይ አውጥተው ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር፤ እናቷ እግሯን የምታደርቀው እየዘፈነች ነበር። መጋዘኑ ውኃ እንደሚገባው ሎክቪና በሙሉ ያውቃል። ያውቃል፣ ግን አይቆጥርም። ለዛግሬቧ ሴት «አይመጣም» ያሏት አሮጊቶችም አልዋሹም፤ በሚቆጠር ቀን አይመጣም።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመልሳ በሩን ቆለፈች። አሥራ ዘጠኙን መዝገብ ደርድራ ሰረዞቹን መቁጠር ጀመረች። በመጀመሪያው ዓመቷ አሥራ ስምንት ናቸው። በአሥረኛው ሃያ ዘጠኝ። ባለፈው ዓመት አርባ ሦስት። እርሳሱን አስቀመጠች። ባሕሩ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ሲወጣ እሷ በየዓመቱ ሰረዝ ስትጨምር ኖራለች። የተደበቀው ነገር ካርታው ውስጥ አልነበረም። የደበቀችው እሷው ናት፣ በሰማያዊ ቀለም፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ።

ይህንን ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ነፋሱ ከዓርብ በፊት ያልፋል፤ ወለሉ ይደርቃል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፤ ሉጼ ከቤቷ ሁለት መቶ እርምጃ ርቃ ትውላለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚፈለግባት።

ባርባ ሽፒሮ ማእድ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው ቆስጣ በድንች ይበሉ ነበር። የሆነውን ስትነግራቸው ማንኪያቸውን አላቆሙም።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም።»

«ያቺ የዛግሬብ ሴትዮ ናት የላከችሽ?»

«ባርባ፣ እኔ ነኝ ያየሁት።»

«በዩጎ ቀን ያየሽውን?» ማንኪያው ቆመ። «ሠላሳ ዓመት እኔ ጽፌያለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንቺ። ዛሬ ተነሥተሽ የጻፍነው ሁሉ ውሸት ነው ልትዪ ነው? በመጨረሻዬ ሐሰተኛ ልታደርጊኝ?»

«የጻፉት ውሸት አይደለም። ያልጻፉት ነው።»

ሞራ የሸፈናቸው ዓይኖቻቸው ወደ ድምፁ ዞሩ። ከዚያ በሩን ዝጊው፣ ዩጎ እየገባ ነው አሏት። ፔሪና በሩን ከውጭ በኩል ዘጋችው።

ዓርብ ቀን ነፋሱ የለም፤ ባሕሩ የተወለወለ ብርጭቆ ይመስላል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። ቬድራና ከፊት ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ኒክሻ ሉጼን ትከሻው ላይ አድርጎ ከኋላ ቆሟል። ከንቲባው እጅ አውጡ ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ፔሪና ተነሣች። እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት መዝገቡን ደረቷ ላይ ያዘችው። የዩጎ ቀን አለመጻፉን፣ ሰረዞቹ ከአሥራ ስምንት ወደ አርባ ሦስት መድረሳቸውን፣ መቶ ስድሳ ሦስትን ተናገረች። ንግግሯ አጭር ነበር።

መጀመሪያ ማንም ነገሩን እንደ ዜና አልቆጠረውም። ከንቲባው «ፔሪና፣ ያ እኮ ዩጎ ነው» አሉ፤ ልጅን እንደሚያባብል ሰው። አንዷ እናት በዩጎ ቀን ልጆቹን ቤት እናውላቸዋለን አለች፤ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ፔሪና አርባ ሦስት ቀን ነው አለች። የሚነቀነቁት ራሶች ቆሙ።

ከዚያ ጥርጣሬው እንደ ጎርፍ መጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት ዝም ብላ ስሟን ካርታ ላይ ያስጻፈች ሴት ዛሬ ምን አገኘች? ማን አናገራት? ቤፖ ከወንበሩ ላይ ሳይነሣ ጠየቀ።

«ስንት ሰጡሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲያ ሞኝ ነሽ።»

ሳቅ ሆነ፤ መልካም ሳቅ አልነበረም። ቬድራና ዞር ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ዝግ ነበር ብለውኝ ነበር አለቻት።

«ዋሽቼሽ ነው» አለች ፔሪና። «ሆቴል ልትሠሪ የመጣሽ መስሎኝ።»

«እኔ ደግሞ መዋዕለ ሕፃናቱን ፈልገው ቁጥር የሚደብቁ መስሎኝ ነበር» አለች ቬድራና። «ግድግዳው ጨው ነበር፣ መዝገቡ ግን ደረቅ ነው። ማስረጃ ስላልነበረኝ ያለኝን ተጠቀምኩ።»

ፔሪና ሴትዮዋን «አንቺ» እንዳለቻት ያወቀችው ዘግይታ ነው። ቀና ስትል ኒክሻ ከነሉጼ ከአዳራሹ ወጥቷል።

ጩኸቱ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ዩጎ ሳይሆን የዩጎ ጠብ ነበር። መጨረሻ ላይ ቤፖ ተነሣ፤ ቤፖ ሲነሣ ሰው ዝም የሚለው ልማድ ሆኖበት ነው።

«እኔ የዛግሬቧን አላምናትም። ፔሪናን ከዛሬ ወዲያ አላምናትም። ከንቲባውንማ አምኜያቸው አላውቅም፤ ይቅርታ ያክሻ። ስለዚህ እስከ ፋሲካ እንለካ። ዩጎ ሆነ አልሆነ። ፔሪና ብቻዋን አይደለም፤ በየቀኑ ከመሃላችን አንድ ሰው አብሯት ይንበርከክ። ቁጥሩን መጀመሪያ የሚያየውም እሱ ይሁን።»

በሎክቪና ምክር ቤት አንድ ሐሳብ ያለ ተቃውሞ ሲያልፍ የታየው ያን ቀን ነው። እርስ በርስ የሚተማመኑ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ሐሳቡ አያልፍም ነበር።

እንዲህ ሆኖ የፔሪና የብርድ ወራት ጀመረ። በየጠዋቱ አንድ ጎረቤት ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ሰላምታ የለም። የመረብ ጠጋኞቹ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተንበረከኩ። አንዳንዱ መነጽር ይዞ መጣ። አንዷ የራሷን የልብስ ስፌት ሜትር ይዛ ዘንጉን ራሱን ለካችው። ፔሪና አላኮረፈችም፤ ሜትሩ ስንት ዓመቱ ነው፣ አልተሳበም ወይ ብላ ጠየቀቻት እንጂ። ቬድራና በየሳምንቱ ቁጥሮቹን እየተቀበለች በሌላ ከተማ ከተለካው ጋር ታስተያያለች፤ ሲለያይ ለምን ብላ ትደውላለች፤ ፔሪናም በዚያ በሌላው ከተማ የሚለካው ማን እንደሆነ፣ ቆሞ እንደሆነ፣ ተንበርክኮ እንደሆነ ታጣራለች። ሁለቱ ሴቶች በስልክ ለረጅም ጊዜ ያወሩ ጀመር፤ ወዳጅነት ለማለት ያስቸግራል፣ ግን የሚያክለው አልነበረም።

ኒክሻ ከእናቱ ጋር አልተነጋገረም። ሉጼን እሑድ እሑድ በር ላይ አድርሷት ይመለሳል።

በጥር ወር አንድ ረቡዕ ዩጎ አራተኛ ቀኑን ይዟል፤ ተራው የቤፖ ነበር። ካፖርቱን ሰብስቦ ተንበረከከ፣ አየ። እንደገና አየ።

«መቶ ሰማንያ አንድ» አለ በመጨረሻ። ፔሪናም አየች። ልክ ነው።

ቤፖ ተነሥቶ ሳይጠራት ወደ መጋዘኑ ሄደ፤ ተከተለችው። በሩን ሲገፋው ውኃው መልሶ ገፋው። ወደ መሃል ገባ፤ ጉልበቱ ድረስ ደረሰው። እዚያው ቆመ። ከኒክሻ አናጢ የተረፈ አንድ የእንጨት ናሙና፣ ለመስኮት የታሰበ፣ ቀስ እያለ ይዞራል።

«ሉጼ ቁመቷ ስንት ነው?»

«ዘጠና ስምንት።»

ቤፖ እጁን በአየር ላይ አደረገ፤ የአንዲት ትንሽ ልጅ ራስ የሚሆንበት ላይ። ከዚያ ውኃው ያለበትን አየ፤ ከዚያ እጁን። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ባሕሩን አብሯት እያየ ነበር።

«ላይ ያለው የድሮ ሲኒማ ቤት ጣሪያው ያፈሳል» አለ ቤፖ ሲወጡ።

«ይጠገናል።»

«ማን ይጠግነዋል?»

«አንተ። በመርከብ ላይ አናጢ ነበርኩ ትል የለ?»

«ወጥ ቤት ነበርኩ።»

«ሁለቱንም ስትል ሰምቼሃለሁ።»

ከፋሲካ በፊት በነበረው ስብሰባ ቀዩ መስመር ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ ወጣ። የወደቡ ግማሽ ከሥሩ ገባ፤ የፔሪናም ቤት። ለመዋዕለ ሕፃናቱ ሲኒማ ቤቱ ተመረጠ፤ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም፤ ከንቲባው በመከር አሉ፣ ማንም አላመናቸውም። ያልወደዱት ብዙ ናቸው። ዛሬም ፔሪና ተገዝታለች የሚሉ አሉ፤ በስንት እንደሆነ ብቻ አይስማሙም። ባርባ ሽፒሮ መንገድ ላይ ድምፅዋን ሲሰሙ በትራቸውን ወደ ሌላ በኩል ያዞራሉ።

ልኬቱ እስከ ፋሲካ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ፔሪና ብቻዋን የምትሆን መስሏት ወረደች። ኒክሻን በወደቡ ጫፍ ቆሞ አገኘችው። ሉጼ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች።

«ተራው የማን ነው?» አለች ፔሪና፣ የምትለው ጠፍቷት።

«የኔ። የማክሰኞውን ተራ ወስጃለሁ። የዓመቱን።»

ፔሪና የዓመቱን ማለቱን ልትጠይቀው ፈለገች፤ የትኛውን ዓመት፣ ስፕሊትስ፣ ሚስትህ ታውቃለች ወይ ልትለው። ነገር ግን መርከቧ አልፋ ማዕበሉ እየተመለሰ ነበር። ትራሱን ወደ እሱ ገፋችለት። ኒክሻ ተንበረከከ።

«ዘጠና ሦስት።»

እሷም ዝቅ ብላ አየች። «ዘጠና አራት ነው።»

«ሦስት ነው፣ እማማ።»

«ራስህን ዝቅ አድርገህ እይ።»

ዝቅ ብሎ አየ። ሉጼም ዳቦዋን ጥላ መጥታ በሁለቱ መካከል በደረቷ ተኛችና አየች። ለረጅም ጊዜ ማናቸውም አልተስማሙም።